ሳትነግሪው አትንኪው

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አስታማሚ የሚያሰማራው ኤጀንሲያችን አዲስ የተቀጠሩትን ልጆች እንዳነጋግር ጠራኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳነሣና ሳስተኛ ኖሬ፣ ጉልበቴ "በቃሽ" ብሎኝ ቤት ከገባሁ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። ሄድኩ። ልጆቹ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ግማሾቹ የኛው ልጆች ናቸው። "እስኪ ስለ ሥራው ንገሪን" አለችኝ አንዷ፣ የልጄ እኩያ፣ ያለ ምንም እፍረት "አንቺ" እያለች። አሜሪካ ነው ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

"መጀመሪያ እጃችሁን አሙቁ" አልኳቸው። ሳቁ። ጓንት አለ፣ በጣት የሚነካካ ስክሪን አለ፣ የእጅ ሙቀት ምን ይሠራል? እኔም አልተውኳቸውም። ያቺኑ "አንቺ" ያለችኝን አስነሥቼ፣ ኤሲው ሥር ሲቀዘቅዝ የቆየ እጄን አንገቷ ላይ ባሳርፍባት "ውይ በስማም!" ብላ ዘለለች። "አየሽ? አንቺ ጤነኛ ወጣት ነሽ። በዚህ እጅ አንድ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ስትቀሰቅሺ አስቢው" አልኳት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሁሉ ቦርሳ ገባ።

መጨረሻ ላይ "ከሁሉ የከበደሽ ምን ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። "ወገቤ" አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ግን እውነቱ ሌላ ነው፤ እሱን ለማውራት የሰጡኝ ጊዜም አይበቃ፣ አፌም እሺ አላለኝ። እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

ሎስ አንጀለስ የገባነው ባለቤቴ ግርማ ዲቪ ደርሶት ነው። እሱ ታክሲ ያዘ፣ እኔ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሣጥን በምታክል ክፍል ተቀምጬ ትኬት መቀበል ጀመርኩ። ጢሱ ሳምባዬን ሊጨርሰው ሲል ኖርዝ ሆሊውድ አንድ የአረጋውያን ቤት ገባሁ። አለቃችን ሰዓቷን እያየች ከኋላችን የምትከተል ሴት ነበረች። አንድ ሰው አጥበን እንድናለብስ የምትሰጠን ጊዜ እንኳን ለሽማግሌ ለመኪናም አይበቃ። ስለ ደመወዙ አታንሡብኝ። ቢሆንም እትዬ ዘነበችን ያገኘሁት እዚያ ስለሆነ አለቃዬን አልረግማትም።

እትዬ ዘነበች በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡ፣ አጭር፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ነበሩ። አለቃችን ስትጮህ "ኦኬ፣ ኦኬ" ይሏታል፤ እጃቸው ግን በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የማንንም ክፍል ሳያንኳኩ አይገቡም። ሰውየው ጨርሶ የማይሰማ ቢሆንም ያንኳኳሉ። "እሱ ባይሰማ እኔ እሰማዋለሁ፤ የሰው ቤት እየገባሁ መሆኔን አልረሳም" ይሉ ነበር። ከገቡ በኋላ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ነው። ሙቅ ውኃ ከፍተው እጃቸውን ያሞቃሉ፣ በፎጣ ያደርቃሉ፣ ከዚያ የሰውየው ዓይን በሚደርስበት ቦታ ይቆማሉ። ከጀርባ አይመጡም። ሊያደርጉ ያሰቡትን ሁሉ ሳያደርጉ በፊት ይናገራሉ፦ "አሁን ቀኝ እጅህን አነሣለሁ። አሁን ወደ ግድግዳው አዞርሃለሁ።" በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይጀምሩታል፣ ሲሰለቻቸው በአማርኛ ይጨርሱታል። የሚገርመው ሁሉም ይገባቸዋል።

እኔ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለመቅደም ብዬ፣ አንዲት ሴትዮ ብብት ሥር እጄን ከትቼ ብድግ ሳደርጋት ጮኻ ፊቴን ቧጨረችኝ። እትዬ ዘነበች ደሜን በሶፍት እየጠረጉ የተቆጡት እኔን ነው።

"ጆንያ ነው የምታነሺው? ሰውን ሳትነግሪው አትንኪው። የሚመጣበትን ካወቀ ገላው ራሱ ያግዝሻል።"

እውነታቸውን ነው። ሰውን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ጉልበት የሚመስለው ያላየ ሰው ነው። ጉልበቱን በጉልበትሽ ትደግፊያለሽ፣ ቀበቶውን ትይዣለሽ፣ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ፣ "በሦስት እንነሣለን" ትይዋለሽ። ሦስት ስትይ የሚነሣው እሱ ነው፤ አንቺ አቅጣጫ ብቻ ታሳዪዋለሽ። ሳትነግሪው ካነሣሽው ግን አርባ ኪሎ የማይሞላ ሰው እንደ ድንጋይ ይከብድሻል። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ኮርስ ሳይሆን ያ ጭረት ነው።

እትዬ ዘነበች ሌላም ነገር አሳይተውኛል፤ እሱ ግን ከሥራ ውጪ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ቫን ናይስ የነበረው አፓርትማችን በር ተንኳኳ። ግርማ ቀድሞኝ ተነሥቶ፣ ለብሶ ቆሟል። ስከፍት እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሰው ደረጃውን ሞልቶታል። ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። ወደቅሁ፤ ግን መሬት አልነካሁም፣ ስንት እጅ እንደያዘኝ እግዜር ይወቀው። አባቴ ደሴ ላይ ከሞቱ አርባቸው ወጥቶ ነበር። በየሳምንቱ ስደውል ወንድሜ ተሾመ "ጠበል ሄደዋል፣ ደህና ናቸው" ይለኝ ነበር። አልተቀየምኩትም። መርዶ እንዲህ ነው፤ በስልክ አይነገርም፣ በማታ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ያ ሁሉ እጅ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

አንድ ነገር ብቻ አለ። አባቴ ሞተው እኔ ሳላውቅ፣ በዚያ መሃል፣ የጓደኛዬ ሠርግ ላይ እስክስታ ስመታ የተነሣሁት ፎቶ አለ። ጥርሴ ሁሉ ይታያል። አልቀደድኩትም፣ አልሰቀልኩትምም። መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከአረጋውያኑ ቤት ወጥቼ በኤጀንሲ በኩል ቤት ለቤት መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ረጅም ጊዜ የቆየሁት አንድ ሰው ጋ ነው። ስማቸው ዋልተር ይባላል። የሚኖሩት ፌርፋክስ፣ ከኛ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ አፓርትማ ውስጥ ነው። ሚስታቸው ሞታለች፣ እግራቸው ከድቷቸዋል፣ ልባቸው ደክሟል። አንድ ልጃቸው ሊንዳ ሲያትል ነው የምትኖረው። የመጀመሪያው ቀን "ጋሽ ዋልተር" ስላቸው "ጋሽ ምንድን ነው?" አሉኝ። "ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው" አልኳቸው።

"እንደሱ ከሆነ እኔም ጋሽ አለኝ" አሉ፤ ቺካጎ ያሉትን ወንድማቸውን፣ ሬይን ማለታቸው ነው። ሬይ በተወለዱበት ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እሳቸውም በስተርጅና ያሉ ሰው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስልክ ሲያወሩ "ጋሽ ሬይ!" እያሉ ይጀምሩ ጀመር።

የሁለቱ ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ ቤዝቦል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ይደዋወላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ተኳርፈው ይዘጋሉ፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ይደዋወላሉ። የቺካጎው ቡድናቸው ዋንጫ ካገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ሲሉኝ "ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሉኛ!" ብዬ አማተብኩ። አያታቸው ሲጠብቁ ሞቱ። አባታቸው ሲጠብቁ ሞቱ። በየዓመቱ "ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ" እያሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ጨዋታውን እንደ ገና ጨዋታ ነው የጠበቅኩት፣ በዱላ ኳስ እያሳደዱ የሚሯሯጡበት መስሎኝ። ወይ ጉድ! ሰው ቆሞ ምራቁን ይተፋል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይስታል፣ እንደገና ይቆማሉ። "መቼ ነው የሚጫወቱት?" አልኳቸው።

"ጨዋታው መጠበቁ ነው" አሉኝ።

"እሱንማ ኢሚግሬሽን ቢሮ ተሰልፈን ጠጥተነዋል" ብላቸው ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አብሬያቸው መጠበቅ ለመድኩ።

በዚያ ዓመት ቡድናቸው ገፋ። መጀመሪያ የኛን የሎስ አንጀለሱን ቡድን ጣለ። ግርማ በታክሲ ሬዲዮ የተነከረ የሎስ አንጀለስ ደጋፊ ነው፤ የዚያን ዕለት ራቱን አልበላም፤ እኔንም "ከሃዲ" ብሎ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። ከዚያ ለዋንጫው ከሚደረጉት ሰባት ጨዋታዎች ሦስት ለአንድ ተመሩ፣ አለቀላቸው ሲባል ተነሥተው እኩል ሆኑ። አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ቀረ። ጋሽ ዋልተር እንቅልፍም ምግብም አልወስድ አላቸው። ሐኪማቸው "ድንገተኛ ነገር አታሰሟቸው" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ይህን ልብ በሉልኝ።

የጨዋታው ቀን ጠዋት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ልወርድ ስል ሊንዳ ደወለች። ታለቅሳለች። "አጎቴ ሬይ ሌሊት በእንቅልፉ ሞተ። ጎረቤት ነው ያገኘው። እና አሁን ለአባዬ ልደውል ነው፤ ቀድሜ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

"እንዳትደውዪ!" አልኳት። ጮኼ ነው ያልኩት። "ሊንዳ፣ በእናትሽ፣ በስልክ አይሆንም። ብቻቸውን ናቸው፣ ልባቸውን ታውቂዋለሽ። ዛሬ ደግሞ ምን ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ ነይ። እኛ አገር ይህን የመሰለ ነገር በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በእጅ ተደግፎ ነው የሚነገረው። ዛሬን ብቻ ተያቸው፣ ጨዋታቸውን ይዩ።"

"አባዬን ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም" አለች በመጨረሻ። "ኦኬ። ነገ ማለዳ እደርሳለሁ።" እኔም ኃላፊነቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ።

አንኳኳሁ። እጄን አሞቅሁ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ "አሁን ቀኝ ክንድዎን አነሣለሁ" አልኳቸው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ ሁሌም አንቱ እላቸው ነበር። ሸሚዛቸውን እያለበስኳቸው "ሬይን ኮል አድርጊልኝ" አሉኝ። እርስዎ ተኝተው ሳለ ሬይ ደውለው ነበር አልኳቸው፤ ለምርመራ ሐኪም ቤት ገብተው ስልክ እንደማይዙም ጨመርኩ።

"በዛሬ ቀን? ያ ግትር ሽማግሌ!" ብለው ሳቁ። "በይ፣ ካሸነፍን እኔ እደውልለታለሁ።"

ቀትር ላይ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። አደመጡኝ። "ልክ ነሽ፣ መርዶ በማታ አይነገርም። ጠዋት ሁለት ሴቶች ይዤ እመጣለሁ" አሉኝ። ከዚያ "ግን አስካለ፣ ሰውየው የኛን ደንብ ያውቁታል?" አሉኝ።

"ሰው አይደሉም እንዴ?" አልኳቸው፣ ተናድጄ።

ጨዋታው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀመረ። እየመሩ ነበር። ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎኝ ቁጭ ብድግ ስል፣ ከተጋጣሚያቸው አንዱ ኳሷን ከአጥሩ ወዲያ ላካትና እኩል ሆኑ። ጋሽ ዋልተር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ሬይ ይህን እያየ ከሆነ ልቡ ቀጥ ይላል" አሉ። እኔ ተነሥቼ ኩሽና ገባሁ። ምንም የምሠራው አልነበረኝም፤ አንድ ንጹሕ ብርጭቆ አጠብኩ።

ስመለስ ዝናብ መጥቶ ሜዳውን ሸራ አልብሰውታል። ከመቶ ዓመት በላይ ተጠብቆ፣ አሁን ደግሞ ዝናብ! ልብ አድርጌ ጸለይኩ፤ "ጌታዬ፣ ወይ ስጣቸው ወይ ንሣቸው፣ ብቻ ይለቅላቸው" አልኩ። ዝናቡ አባራ፣ ጨዋታው ቀጠለ፣ አሸነፉ።

ከላይኛው ፎቅ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ጩኸት መጣ። ጋሽ ዋልተር አልጮኹም። አፋቸውን ከፍተው፣ እንባቸው በሁለቱም ጉንጫቸው እየወረደ፣ ስክሪኑ ላይ ተከምረው የሚተቃቀፉትን ልጆች ያያሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ስልኩን።"

"ነገ ቢደውሉስ፣ ጋሼ? ደክሟቸው ተኝተው ይሆናል።"

"ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩትን ነገ ትይኛለሽ?"

ሰጠኋቸው። ቁጥሩን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ የሬይ ድምፅ ወጣ፤ መልእክት ተዉልኝ የሚለው፣ በማሽን የተቀዳው። ጋሽ ዋልተር እንደ ልጅ ጮኹ።

"ጋሽ ሬይ! አደረጉት! አየህ አይደል? አባባ አላየውም፣ እኛ ግን አየነው! ተነሥ አንተ ሰነፍ፣ ተነሥና ደውልልኝ! እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድሜ!"

ስልኩን ዘግተው እየሳቁ ሰጡኝ። ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት።

"ውጪ አውጪኝ" አሉ። በዊልቸር ፌርፋክስ ላይ አወጣኋቸው። የቺካጎ ሰው እዚህ ከተማ ይህን ያህል መኖሩን ያወቅኩት ያን ምሽት ነው። ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ይተቃቀፋል፣ መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ጋሽ ዋልተር ፊት አስፋልቱ ላይ ተንበረከከና "ከመቼ ጀምሮ ነው የጠበቁት?" አላቸው። "ከመወለዴ በፊት ጀምሮ" አሉት። ተቃቅፈው አለቀሱ። አንዲት ወጣት የአያቷን ፎቶ ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ ይዛ ብቻዋን ትስቃለች። የኛ ሰዎች ከየምግብ ቤቱ ብቅ ብለው "ምንድን ነው? የት አገር መንግሥት ወደቀ?" ይላሉ። ነገሩን ስነግራቸው የምግብ ቤቱ ባለቤት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣችና "እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት አባቴ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ ዋልተር እጃቸውን አጨበጨቡ። እኔም እልል ልል አፌን ከፈትኩ። የሠርጉ ፎቶ ፊቴ መጥቶ ድቅን ሲልብኝ መልሼ ገጠምኩት።

በማግስቱ ማለዳ ሊንዳ ከኤርፖርት መጣች። እትዬ ዘነበች ሁለት ሴቶች አስከትለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አንኳኩተው ነው የገቡት። ጋሽ ዋልተር አልጋቸው ላይ ሆነው ልጃቸውን አዩ፣ ነጠላዎቹን አዩ።

"ማን ሞተ?" አሉ ወዲያው።

ሊንዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገረቻቸው። እኔ ልደግፋቸው ተዘጋጅቼ ነበር። አልወደቁም። "መቼ?" አሉ። "ከትናንት ወዲያ ሌሊት" አለች። ትንሽ አሰቡና ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ክንዴን ልታነሺ እንኳ ትነግሪኛለሽ" አሉኝ። ያለ ማንም እርዳታ፣ በጭንቅ፣ ራሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እትዬ ዘነበች አቀርቅረው ወጡ። ሊንዳ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ አባቷ ሌላ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ፣ ዓይኗ እያየኝ አልነበረም። ኤጀንሲው አንድ ወረቀት አስፈረመኝና በዚያው አለቀ።

ተቆጣሁ። አዎ፣ ተቆጣሁ! ደግ አድርጌ፣ ሰው ሰብስቤ፣ ልባቸውን ጠብቄ! "ፈረንጅ ምን ይገባዋል" እያልኩ ግርማን አደነቆርኩት። ግርማ ምስኪን ታክሲውን አስነሥቶ ሸሸ።

አንድ ቀን ከሰዓት ቲቪ ከፍቼ ምስር ስለቅም የቺካጎን ደጋፊዎች አሳዩ። የስታዲየሙን ግድግዳ ስም በስም አድርገውታል፤ ትልቁም ትንሹም ጠመኔ ይዞ ይጽፋል። የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ ይህን ሳያዩ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም ነው የሚጽፉት። አንድ ሰው ወንበርና ሬዲዮ ይዞ አባቱ መቃብር አጠገብ ተቀምጦ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አብሯቸው ሰምቷል። ሌላው ኮፍያ መቃብር ላይ አኑሯል። ምስሩን አስቀመጥኩት። እኛ የሞትን ወሬ ከቋሚ እንሸሽጋለን፤ እነዚህ ደግሞ የደስታን ወሬ ለሙት ይዘው ይሄዳሉ። ጋሽ ዋልተር ቢያውቁ ኖሮ የሬይን ወንበር አጠገባቸው አድርገው፣ ሐዘናቸውንም ደስታቸውንም ባንድ ላይ ይዘው፣ ከወንድማቸው ጋር ያዩት ነበር። ያንን ነው የነሣኋቸው።

መሳቢያውን ከፍቼ የሠርጉን ፎቶ አየሁት። እኔም የተነፈግኩት ነገር ነበር፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬም ቢሆን ያ ሁሉ እጅ ከንቱ ነበር አልልም፣ አይወጣኝም። ግን እጁም እውነቱም አብረው የማይመጡበት ምን ምክንያት አለ?

ብባረርም ለቅሶ አይቀርም። ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ፣ ራሳቸው "ማነው?" አሉ።

"አስካለ ነኝ፣ ጋሼ። አሁን እገባለሁ። ከዚያ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።"

የፎቁ ሊፍት ወጥቶ ወረደ። "እጅሽን አሙቀሻል?" አሉ ከውስጥ። በሳቅና በልቅሶ መሃል ሆኜ ገባሁ።

ሊንዳ ለቀብሩ ቺካጎ ሄዳ ሬይ ቤት ስትገባ የስልኩን መልእክት መቀበያ ማሽን ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አግኝታዋለች። መልእክቱን ቀብሩ ላይ ለሰው ሁሉ አሰምታዋለች። "ብትነግሪኝ ኖሮ ያን ቃል አልናገረውም ነበር" አሉኝ ጋሽ ዋልተር። "ቢሆንም ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።" ሁለቱንም ተቀበልኩ። በማግስቱ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፣ ከዚያም ወዲህ ሐኪም ያለውን ሁሉ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ቀድሜ እነግራቸው ጀመር።

ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት እነ እትዬ ዘነበች አንድ ማለዳ እንደገና በሬን አንኳኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ራሴ ስከፍትላቸው ደነገጡ። "ማን ነገራት?" ብለው ወደ ግርማ ዞሩ። ግርማ ማለ ተገዘተ። ማን እንደነገረኝ ይኸው።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት የጋሽ ዋልተርን መድኃኒት ከፋርማሲ ይዤ ገባሁ። ሊንዳ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር፤ ስታየኝ ፊቷን ሰውራ ኩሽና ገባች። ለካ ግርማ ደውሎላታል፤ "ወንድሟ ተሾመ ደሴ ላይ አርፏል፣ ምንም ሳትነግሪያት ቀደም ብለሽ ልቀቂያት፣ እኛ ጠዋት ሰው ይዘን እንነግራታለን" ብሏታል። እሷም ለአባቷ ነግራለች።

ጋሽ ዋልተር ዊልቸራቸውን በሩ ፊት ለፊት፣ ዓይኔ በሚደርስበት ቦታ አስቁመዋል። ሻይ አይወዱም፤ ግን የሻይ ኩባያ በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘዋል።

"አስካለ፣ ቁጭ በይ።"

"መድኃኒቱን ላስቀምጥና።"

"አስቀምጪው። ቁጭ በይ።" ተቀመጥኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። "አሁን ቀኝ እጅሽን እይዛለሁ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ከዚያ አንድ ነገር እነግርሻለሁ። ከነገርኩሽ በኋላም አልለቅሽም።"

ኩባያውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ሞቆ ነበር።